ሊሮይ «ሳችል» ፔጅ፤ ሳይመዘገብ ያለፈ ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. በኦገስት ወር፣ ዕድሜው ስድሳ ሁለት ዓመት የሞላ አንድ ረጅምና ቀጭን ጥቁር አሜሪካዊ በአትላንታ ከተማ ከሚገኘው የቤዝቦል ቡድን ጋር የሥራ ውል ተፈራረመ። ቡድኑ ይህን ሰው የቀጠረው ኳስ እንዲወረውርለት አልነበረም። ሰውየው ከታላቁ ሊግ የጡረታ አበል ለማግኘት ከሚያስፈልገው የአምስት ዓመት አገልግሎት ውስጥ 158 ቀን ይጎድለው ስለ ነበር፣ ጉድለቱ እንዲሞላለት ታስቦ ነው። ሰውየው በሙያው ደመወዝ መቀበል የጀመረው በ1926 ዓ.ም. ነበር። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያው በአንዱ ሙያ ሲደክም ኖሮ፣ መዝገቡ ሲገለጥ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ማለት ነው። ስሙ ሊሮይ ሮበርት ፔጅ ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን «ሳችል» በሚለው የቅጽል ስሙ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፔጅ የተወለደው በጁላይ 7 ቀን 1906 ዓ.ም. በአላባማ ግዛት፣ ሞቢል በምትባለው የወደብ ከተማ ነው። አባቱ አትክልተኛ፣ እናቱ ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ በቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ልጆች ያድጉ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት የሚያድግ ልጅ የራሱን ጉርሻ ፍለጋ ቶሎ መውጣቱ የታወቀ ነውና፣ ሊሮይም ገና በልጅነቱ በባቡር ጣቢያ የመንገደኞችን ሻንጣ እየተሸከመ ሳንቲም ይለቅም ጀመር። ሳችል ማለት በእንግሊዝኛ የእጅ ቦርሳ ወይም ትንሽ ሻንጣ ማለት ነው። እርሱ ራሱ እንደሚተርከው፣ በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ ሻንጣ አንጠልጥሎ ሲሄድ ያዩት ልጆች ይህን ስም አወጡለት። አንድ የሠፈሩ ልጅ ደግሞ ስሙ የወጣለት ሻንጣ ይዞ ሊሮጥ ሲል ስለ ተያዘ ነው ይል ነበር። የትኛው እውነት እንደ ሆነ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ በፔጅ ሕይወት ውስጥ ሁለት ዓይነት ትረካ የሌለው ነገር ጥቂት ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት ከሞላው ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ የማያሻማ ነገር ደረሰ። ከትምህርት ቤት እየቀረ ሲያውደለድል ከቆየ በኋላ፣ ከሱቅ ጥቃቅን ዕቃ በመስረቁ ተይዞ በማውንት ሜግስ ወደሚገኘው የጥቁር ልጆች የጠባይ ማረሚያ ትምህርት ቤት ተላከ። ከዚያ የወጣው በ1923 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ሲመዛዘን የከበደ መሆኑን መካድ አይቻልም። ሆኖም ሙያውን ያገኘው እዚያው ነው። ኤድዋርድ ባይርድ የተባለ አሠልጣኝ የልጁን ረጅም እጅና እግር አይቶ፣ ኳሱን ከመልቀቁ በፊት የግራ እግሩን ወደ ላይ አጥብቆ እንዲያነሣ፣ ክንዱንም እስከ መጨረሻው ዘርግቶ እንዲወረውር አስተማረው። ይህ አወራወር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም።

ቤዝቦል በአገራችን እምብዛም የሚዘወተር ጨዋታ ስላልሆነ ስለ ወርዋሪው ሥራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ወርዋሪው ከአንዲት ጉብታ ላይ ቆሞ፣ 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ዱላ ይዞ ለሚጠብቀው መቺ ኳስ ይለቅቃል። ኳሱ 43 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካላት ሰሌዳ በላይ፣ ከመቺው ጉልበትና ደረት መካከል ማለፍ አለበት። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ ይወጣል፤ ሦስት መቺዎች ሲወጡ ዙሩ ለተጋጣሚው ይለቀቃል፤ አንድ ግጥሚያም ዘጠኝ ዙር አለው። እንግዲህ ወርዋሪው በአንድ ግጥሚያ ከመቶ ጊዜ በላይ በሙሉ ኃይሉ ሊወረውር ይችላል። ክንድ ደግሞ ለዚህ አልተፈጠረም። ብዙ ወርዋሪዎች ሠላሳ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ትከሻቸው ወይም ክርናቸው ከድቶአቸው ከሙያው ይሰናበታሉ። አንድ ወርዋሪ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ፣ ስንት መቺ እንዳስወጣ፣ ስንት ነጥብ እንደ ተቆጠረበት እያንዳንዱ በመዝገብ ይሠፍራል፤ በዚህ ሙያ የሰው ዋጋ የሚታወቀው በቁጥር ነው።

ቁጥሩን የሚይዙት ታላላቅ ሊጎች ግን ጥቁር ተጫዋች አያስገቡም ነበር። ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የቡድን ባለቤቶች፣ ያልተጻፈ ነገር ግን ከተጻፈ ሕግ የጸና ስምምነት ነበራቸው። ስለዚህ ጥቁሮች የራሳቸውን ቡድኖች አቋቋሙ፤ በ1920 ዓ.ም.ም ሩብ ፎስተር በተባለው ሰው መሪነት በካንሳስ ሲቲ የመጀመሪያውን ጽኑ ሊግ መሠረቱ። የእነዚህ ቡድኖች ኑሮ ግን የሊጉን ግጥሚያ ብቻ በመጫወት የሚቃና አልነበረም። በአሮጌ አውቶቡስ ከከተማ ከተማ፣ ከገጠር ገጠር እየዞሩ ከተገኘው ቡድን ጋር ይጫወታሉ፤ አንዳንዴ በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይጋጠማሉ። ነጥብ የሚመዘግብ ሰው ባለበት ይመዘገባል፤ በሌለበት ውጤቱ ከተመልካቹ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ፔጅ ወደዚህ ዓለም የገባው በ1926 ዓ.ም. በቻታኑጋ ቡድን በኩል ነው። በተከታዩ ዓመት ወደ በርሚንግሃም «ብላክ ባረንስ» ተዛወረ፤ ከ1931 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፒትስበርግ «ክሮፎርድስ» ባለቤት የነበረው ጋስ ግሪንሊ ወሰደው። በዚያም ከታላቁ መቺ ከጆሽ ጊብሰን ጋር በአንድ ቡድን ተሰለፈ፤ ጊብሰን የእርሱ ኳስ ተቀባይ ነበር። የፔጅ ፍጥነት የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያስገርመው እጁ ያነጣጠረውን አለመሳቱ ነበር። ሲለማመድ በሰሌዳዋ ፈንታ የከረሜላ መጠቅለያ ወረቀት መሬት ላይ አስቀምጦ ኳሱን በዚያ ላይ ያሳልፍ እንደ ነበር አብረውት የተጫወቱ ሁሉ ይመሰክራሉ። በወዳጅነት ግጥሚያዎች ላይ ከኋላው የሚቆሙትን ተከላካዮች ሜዳ ላይ እንዲቀመጡ አድርጎ ሦስት መቺዎችን በተከታታይ የሚያስወጣበት ጊዜ ነበር። ተመልካቹ ይስቃል፤ ትርዒቱን ወዶ በሚቀጥለው ቀን ይመለሳል። ይህ የፔጅ ገበያ ነበር።

ፔጅ ውል አክባሪ ሰው አልነበረም። ይህን መሸሸግ አይገባም። በ1933 ዓ.ም. በሰሜን ዳኮታ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ቢስማርክ ሄዶ፣ ኒል ቸርችል የተባለ የመኪና ነጋዴ ባቋቋመው፣ ጥቁርና ነጭ አብረው በሚሰለፉበት ቡድን ተጫወተ፤ በ1935 ዓ.ም. ተመልሶ ሄዶ ያ ቡድን በዊቺታ በተደረገው የመላ አገር ውድድር አንደኛ እንዲወጣ አደረገ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ሠራ። የዶሚኒካን ሪፑብሊክ አምባገነን ራፋኤል ትሩሂዮ፣ ዋና ከተማይቱን ሳንቶ ዶሚንጎን በራሱ ስም ከሰየመ በኋላ፣ በስሙ የሚጠራው ቡድን እንዳይሸነፍ ይፈልግ ነበር። ወኪሎቹ ለፔጅና እርሱ መርጦ ለሚያመጣቸው ስምንት ተጫዋቾች 30,000 ዶላር አቀረቡ። ፔጅ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ጊብሰንንና ሌሎችንም አስከትሎ ሄደ። ቡድኑ ዋንጫውን ወሰደ። ፔጅ በኋላ እንደሚተርከው በመጨረሻው ግጥሚያ ዕለት ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ሜዳውን ከብበውት ነበር። ወጪው የአገሪቱን ሊግ ስላራቆተው እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ እዚያ የሙያ ቤዝቦል ውድድር አልተካሄደም። በአሜሪካም ጎበዞቹን የተነጠቀው የግሪንሊ ቡድን ከዚያ ወዲያ አላንሰራራም።

የተወቀሰበት ይህ ነገር ተገቢ ወቀሳ ነው። ነገር ግን በነዚያ ውሎች ውስጥ ለተጫዋቹ የጡረታ፣ የሕክምናም ሆነ የክንድ ካሣ የሚሆን አንድም ቃል እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም። ሀብቱ አንድ ክንድ ብቻ ለሆነ ሰው፣ ያ ክንድ ባለበት ጊዜ ዋጋ ላቀረበው መሸጥ ከስግብግብነት ጋር ብቻ የሚቆጠር አይደለም።

የተፈራውም በ1938 ዓ.ም. በሜክሲኮ ደረሰ። ፔጅ ትከሻውን አመመው፤ ሕመሙ እየጠና ሄዶ ክንዱን ከፍ ማድረግ እስኪያቅተው ደረሰ። ሐኪም ከእንግዲህ እንደማይወረውር ነገረው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። በየጊዜው ከድቶአቸው የሄደ የቡድን ባለቤቶች ሁሉ ፊታቸውን አዞሩበት። አንድ ሰው ብቻ ተገኘለት፤ የካንሳስ ሲቲ «ሞናርክስ» ባለቤት ጄምስ ዊልኪንሰን። ዊልኪንሰን ነጭ ነበር፤ በጥቁሮቹ ሊግ ውስጥ ግን በታማኝነቱ የተመሰገነ ሰው ነው። በ1930 ዓ.ም. በጭነት መኪና የሚጓጓዙ ትላልቅ መብራቶች አሠርቶ የሌሊት ግጥሚያ ያስለመደ እርሱ ነው። ለፔጅ በዋናው ቡድን ሳይሆን በሁለተኛው ተጓዥ ቡድን ውስጥ ቦታ ሰጠው፤ ስሙ ሕዝብ ይስባል ከሚል ስሌት ጋር። ፔጅም በ1939 ዓ.ም. በየትንንሹ ከተማ እየቆመ፣ ፍጥነት የሌላቸውን ኳሶች እያመመው ይወረውር ጀመር። የቡድኑ ወጌሻ ፍራንክ ፍሎይድ በሙቅና በቀዝቃዛ ውሃ፣ በቅባትና በማሸት ያክመው ነበር። አንድ ቀን፣ ሕመሙ በመጣበት አኳኋን ሳይታወቅ ሄደ። በ1940 ዓ.ም. ፔጅ በዋናው ቡድን ተሰልፎ ታየ።

ከሕመሙ የተመለሰው ወርዋሪ ግን የቀድሞው አልነበረም። ፈጣን ኳስ ብቻ ይዞ ይመጣ የነበረው ሰው አሁን የሚጠመዘዝ፣ የሚዘገይ፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ኳስ ተምሮአል። ከሁሉም የታወቀው እግሩ መሬት ከነካ በኋላ ክንዱን ለቅጽበት ያህል አቁሞ የሚለቀው ኳስ ነው፤ መቺው ቀድሞ ዱላውን ያወናጭፍና ኳሱ ከኋላ ይደርሳል። በ1942 ዓ.ም. በጥቁሮቹ ሊግ የሻምፒዮና ግጥሚያ «ሞናርክስ» ጊብሰን የሚጫወትበትን «ግሬይስ» አራት ለባዶ አሸነፈ። በሁለተኛው ግጥሚያ ላይ ሦስቱም ማዕዘኖች በተቃራኒ ሯጮች ተይዘው ሳለ ጊብሰን ለመምታት ቆመ፤ ፔጅም በሦስት ኳስ አስወጣው። በኋላ ዘመን ፔጅና ወዳጆቹ ሲተርኩት፣ ማዕዘኖቹን ሆን ብሎ ያስሞላው ጊብሰንን ለመግጠም ሲል ነው ይላሉ። በዚያ ሰሞን የወጡት የጋዜጣ ዘገባዎች ይህን አያረጋግጡም። መዝገብ በሌለበት ስፍራ ተረት ይበቅላል፤ ተረቱንም አብዝቶ የዘራው ራሱ ባለቤቱ ነው።

የዘር ግንቡ የተነቃነቀው በ1945 ዓ.ም. ነው። የብሩክሊን ቡድን ሥራ መሪ ብራንች ሪኪ አንድ ጥቁር ተጫዋች አስፈረመ፤ የተመረጠው ግን ፔጅ ሳይሆን በዚያው ዓመት በ«ሞናርክስ» ከእርሱ ጋር የተጫወተው ወጣቱ ጃኪ ሮቢንሰን ነበር። ሪኪ የፈለገው ወጣት፣ ከነጮች ጋር በዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ስድብ የሚችልና በታችኛው ሊግ ለመጀመር እሺ የሚል ሰው ነበር። ምርጫው ትክክል እንደ ነበር ውጤቱ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ጥቁር ወርዋሪ ከነጭ መቺ እንደማያንስ ሃያ ዓመት ሙሉ በየሜዳው ሲያሳይ የኖረው ፔጅ ነው፤ በ1934 ዓ.ም. ከዲዚ ዲን፣ በ1946 ዓ.ም. ከቦብ ፌለር ቡድን ጋር እየተጋጠመ አገር ለአገር የዞረው እርሱ ነው። በአደባባይ ሮቢንሰንን አመሰገነ፤ በልቡ ግን አዘነ፤ ማዘኑንም ቆይቶ አልደበቀም። ጆሽ ጊብሰን ደግሞ ይህን እንኳ ሳያይ፣ ሮቢንሰን ታላቁ ሊግ ከመግባቱ ከሦስት ወር በፊት፣ በጃንዋሪ 1947 ዓ.ም. በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሞተ።

የፔጅ ተራ የደረሰው በጁላይ 7 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ አርባ ሁለተኛ ልደቱ በሚከበርበት ዕለት ነው። የክሊቭላንድ ቡድን ባለቤት ቢል ቪክ አስጠርቶት በቡድኑ አሠልጣኝና ተጫዋች በሉ ቡድሮ ፊት አስፈተነውና አስፈረመው። የ«ስፖርቲንግ ኒውስ» ጋዜጣ አዘጋጅ ይህ የታላቁን ሊግ ደረጃ የሚያዋርድ ቀልድ ነው ሲል ጻፈ። በዕድሜ ስንኳን በዚያን ጊዜ ዛሬም ቢሆን የሚያጠራጥር ነገር ነበርና፣ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም። ፔጅ መልሱን በሜዳ ሰጠ። በኦገስት 3 ቀን በክሊቭላንድ ከ72 ሺህ በላይ ሕዝብ ሊያየው ወጣ። በኦገስት 13 ቀን በቺካጎ አንድ ነጥብ ሳያስቆጥር አሸነፈ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላም በክሊቭላንድ በ78,382 ተመልካች ፊት ይህንኑ ደገመው። በዚያ ዓመት ስድስት ግጥሚያ አሸንፎ በአንድ ብቻ ተሸነፈ። ክሊቭላንድ ከቦስተን ጋር እኩል ሆኖ በአንድ ተጨማሪ ግጥሚያ የሊጉ አሸናፊ በመሆኑ፣ ከእነዚያ ስድስት ድሎች አንዲቱ ብትጎድል ኖሮ ዋንጫ ባልነበረም። በሻምፒዮናው አምስተኛ ግጥሚያ ላይም በ86,288 ሕዝብ ፊት ለጥቂት ጊዜ ወረወረ፤ በዚህ መድረክ ላይ የወረወረ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። ክንዱን አቁሞ የሚለቀውን ኳስ ግን የሊጉ ፕሬዚዳንት ከልክለውት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የዕድሜ ትግል ነው። ቪክ ቡድኑን ሲሸጥ ፔጅ ተሰናበተ፤ ቪክ የሴንት ሉዊስን ቡድን ሲገዛ በ1951 ዓ.ም. ተመለሰ። በ1952 ዓ.ም. በአርባ ስድስት ዓመቱ ለደካማ ቡድን እየተጫወተ አሥራ ሁለት ግጥሚያ አሸነፈ፤ በዚያና በተከታዩ ዓመት ከሊጉ ምርጦች አንዱ ተባለ። ከዚያም ወደ ታችኛው ሊግ፣ ወደ ማያሚና ወደ ሌሎች ከተሞች ወረደ።

በ1967 ዓ.ም. ከ«ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ» ጋር አገር ለአገር ዞረ። የዚህ ቡድን ታሪክ ኢትዮጵያዊ አንባቢን የሚነካ ነገር አለበት። ቡድኑ በ1930ዎቹ ዓመታት በማያሚ ሲነሣ ስሙ «ኢትዮጵያን ክላውንስ»፣ ማለትም «የኢትዮጵያ ቀልደኞች» ነበር። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀለም እየተቀቡና የሣር ልብስ እየለበሱ፣ የፈጠራ የአፍሪካ ስም ይዘው ሕዝብ ያስቁ ነበር። ጊዜው ኢትዮጵያ በኢጣልያ የተወረረችበት፣ ስሟም በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ከፍ ብሎ የሚጠራበት ወቅት በመሆኑ፣ የጥቁር ጋዜጠኞችና የቡድን ባለቤቶች ይህን ስድብ አጥብቀው ተቃወሙ። ቡድኑ በ1943 ዓ.ም. ወደ ጥቁሮቹ ሊግ ሲገባ የኢትዮጵያን ስም ከላዩ አነሣ። ፔጅ በመጣ ጊዜ ያ ሁሉ አልፏል፤ የሞቢሉ ተወላጅ ሃንክ አሮንም በ1952 ዓ.ም. ሙያውን የጀመረው በዚሁ ቡድን ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በሴፕቴምበር 25 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ የካንሳስ ሲቲ «አትሌቲክስ» ባለቤት ቻርልስ ፊንሊ ተመልካች ለመሳብ ሲል ፔጅን ለአንድ ቀን አስፈርሞት ነበር። በሜዳው ዳር የሚወዛወዝ ወንበር ተቀመጠለት፤ ነጭ የለበሰች ነርስም አብራው እንድትቀመጥ ተደረገ። ሽማግሌን መሳለቂያ ማድረግ ቢመስልም ፔጅ በትርዒቱ አልተከፋም፤ ትርዒት የኖረበት ሥራ ነበር። ጉብታው ላይ ሲወጣ ግን ቀልዱ ቆመ። ለሦስት ዙር በቦስተን መቺዎች ላይ ወርውሮ አንድም ነጥብ አላስቆጠረም፤ የመታው ካርል ያስትረምስኪ ብቻ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ከሁለት ወር ከአሥራ ስምንት ቀን ነበር። በታላቁ ሊግ በዚህ ዕድሜ የወረወረ ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ የለም።

በ1966 ዓ.ም. ታላቁ መቺ ቴድ ዊልያምስ በኩፐርስታውን ወደሚገኘው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ሲገባ ባደረገው ንግግር፣ ዕድል የተነፈጉት ፔጅና ጊብሰን እዚያ እንዲገኙ ጠየቀ። አዳራሹ የአሥር ዓመት የታላቅ ሊግ አገልግሎት ይጠይቅ ስለ ነበር በ1971 ዓ.ም. ልዩ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ፔጅም መጀመሪያ ተመረጠ። ነገር ግን ስሙ የሚሰቀለው ለጥቁሮቹ ሊግ በሚዘጋጅ የተለየ ክፍል ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ። ግንቡን አፍርሰናል ያሉ ሰዎች በአዳራሹ ውስጥ መልሰው ሊገነቡት ነው ማለት ነው። ጋዜጦች ጮኹ፤ ሕዝቡም ተቆጣ። ፔጅ በኦገስት 9 ቀን 1971 ዓ.ም. ከሌሎቹ ጋር እኩል ገባ።

ጡረታውን የሰጠው የአትላንታ ቡድን ባለቤት ዊልያም ባርቶሎሜ ነበር። ፔጅ ረዳት አሠልጣኝ ተብሎ እስከ 1969 ዓ.ም. ቆይቶ 158ቱን ቀን ሞላ። በጁን 5 ቀን 1982 ዓ.ም. በካንሳስ ሲቲ አንድ የታደሰ ስታዲየም በስሙ ሲሰየም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ተገኘ፤ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጁን 8 ቀን፣ በሰባ አምስት ዓመቱ አረፈ።

በሞተ ጊዜ በታላቁ ሊግ መዝገብ የነበረው ድል 28 ብቻ ነበር፤ እርሱ ግን ሁለት ሺህ ያህል ግጥሚያ አሸንፌአለሁ ይል ነበር። በዲሴምበር 2020 ዓ.ም. ከ1920 እስከ 1948 የነበሩት የጥቁሮች ሊጎች ከታላላቆቹ ሊጎች እኩል እንደሚቆጠሩ ታወቀላቸው፤ ተመራማሪዎች ከአሮጌ ጋዜጦች የለቀሙት ቁጥርም በሜይ 2024 ዓ.ም. በይፋ ከመዝገቡ ጋር ተደመረ። በዚህም የፔጅ ድል ከመቶ በላይ ሆነ። ሥራው የተሠራው የሊግ ግጥሚያዎችን ብቻ በመያዝ ነው። የቢስማርክ፣ የሳንቶ ዶሚንጎና በመኪና መብራት ሥር በየገጠሩ የተደረጉት ግጥሚያዎች ዛሬም በመዝገቡ ውስጥ የሉም።